በሰናይት ስም የወጣው ቁጥር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2፣ ጠዋት 2፡30

ከየካ አባዶ ስወጣ የስልኬ ባትሪ ሙሉ ነበር። ሲኤምሲ ሳልደርስ ስልኬ ጠፋ። እንደገና። ደብተሬ፣ አንቺ ቢያንስ ቻርጅ አትጠይቂም።

ሱቄ (ቦሌ ሚካኤል) ገብቼ ሰካሁት። ስድስት ሚስኮል። አንዷ ልብሷን የምሰፋላት የጥር ሙሽራ ናት፤ ጥለቱን በፎቶ ላኪልኝ ብላለች። ላክሁላት። ቡናማ ነው ወይስ ጥቁር? ብላ ጻፈችልኝ። ወይን ጠጅ ነው! የዚህ ስልክ ካሜራ ሞራ ለብሷል። በቃ፣ አዲስ ልገዛ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 4፣ ከምሳ በኋላ

ቦሌ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሻጮቹ ሜጋፒክሰል ይደረድራሉ። እኔ ከቦርሳዬ ቁራጭ ጥለት አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አነጥፋለሁ፤ በየስልኩ አነሳዋለሁ። የመጀመሪያው ወይን ጠጁን ቀይ አደረገው። ሁለተኛው፣ ውዱ፣ አለቅጥ ያሳምራል፤ ሸማው ከነጭም በላይ ነጣ። ልብሱ እጇ ሲገባ አታለልሽኝ የማትል ደንበኛ የለችም። ሦስተኛው ወፍራም፣ መልኩም ይህን ያህል አይደለም። ግን ወይን ጠጁ ወይን ጠጅ ነው። ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል አለ ሻጩ። ሻጭ ሁለት ካለ አንድ ነው። ይሁን፣ ወሰድኩት።

ሲሜ ግን አልገባም። የድሮ፣ ትልቁ ነው። አገልግሎት ማዕከል ሄደሽ በመታወቂያሽ በትንሹ አስቀይሪ አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5

አልሄድኩም። ለምን እንደሆነ ላንቺ ልንገርሽ። ቁጥሩ በእኔ ስም አይደለም። ሲም እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ሰናይት በመ/ቤቷ በኩል ሁለት አውጥታ አንዱን ሰጠችኝ። ያኔ ገርጂ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ነበርን። ሰፍቼላት ያገባችው ለእህቷ፣ እህቷ ለጓደኛዋ እየሰጠችው ይኸው ቁጥሩ ሱቄ ሆነ።

ከሰናይት ጋር ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የገና ልብስ ሲደራረብብኝ ሰፊዎች ሁሉ የምናደርገውን አደረግሁ፤ ስልኬን ዘጋሁ። ሦስት ቀን። በዚያ መሃል እናቷ አረፉ። እማማ ብርቄ፣ እኔንም ልጄ የሚሉኝ። ሰናይት ደጋግማ ደውላልኛለች። እኔ የሰማሁት ከተቀበሩ በአምስተኛው ቀን። አፈርኩ። ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም ወጣ። አሁን በምን ዓይኔ ልያት?

ስለዚህ አዲሱን የስልክ ኩባንያ ማማተር ጀመርኩ። የጎረቤቴን የወ/ሮ ፋንታዬን ስልክ ተውሼ ሞከርኩት። እኛ ብሎክ ኢንተርኔቱ ይበራል፤ አራተኛ ፎቅ ሆኜ አሥር ፎቶ ባንዴ ሄደ። ሱቄ ጓዳ ሲገባ ግን ይጠፋል፤ በር ላይ መውጣት ያስፈልጋል። የድሮው የትም ይሠራል፣ ቀስ እያለ። ልዩነታቸው ይኸው ነው። ዋናው ግን ቁጥሩ ነው። ቁጥሬን ከተውኩ የጥር ሙሽሮች በምን ያገኙኛል?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6

ቆረጥኩት። ሲሙን፣ አዲሱ ስልክ ውስጥ እንዲገባ፣ በራሴ መቀስ። ሃያ ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩ ይቺ ታቅተኛለች? የወ/ሮ ፋንታዬን ሲም ከላይ አስቀምጬ እንደ ልብስ ልክ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመርኩ። ጠርዙ ላይ መቀሱ ወርቃማውን ክፍል ነካው። ትንሽ ነው፣ የክር ያህል።

አዲሱ ስልክ “ሲም የለም” ይላል። አሮጌውም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ ሱቁ ጭር። ሥራ ፈትቼ ቁልፍ ስለቅም ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7

አገልግሎት ማዕከል። ልጅቷ ትሁት ናት፣ ግን አልበገር አለች። የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው፤ ባለስሟን ከነመታወቂያዋ ይዘው ይምጡ አለችኝ። ሰናይትን ሽሽት መቀስ አነሳሁ፣ ዞሬ ሰናይት ደጅ። የሚሸሹት ነገር መንገድ ያውቃል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 8፣ ከሰዓት

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገርጂ፣ ሰናይት ቤት ሄድኩ። የተቆረጠው ሲም በፖስታ ሆኖ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አንቺን አልዋሽም።

ሰናይት በሩን ከፈተች። ገለል ብላ አስገባችኝ። ግድግዳው ላይ የእማማን ፎቶ ሳይ እንባዬ መጣ። ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ተቀምጣ ስለ እማማ የመጨረሻ ቀን ነገረችኝ። እማማ፣ እሷስ የት ቀረች ብለው ስለ እኔ ጠይቀው ነበር። ስልኳ ዝግ ነው ስትላቸው፣ ልብስ በዝቶባት ነው፣ አትቆጪያት አሏት። ይህን ስትነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች።

“የእህቴ ልጅ ለሠርጓ ልታሰፋ ብትደውል ቁጥርሽ አይሠራም አለችኝ። ለሲሙ ነው የመጣሽው?”

“አይደለም። ለእማማ ነው።”

ስወጣ በር ላይ፣ ነገ ከሥራ አስፈቅጄ መታወቂያዬን ይዤ ልምጣልሽ አለችኝ። ከልቧ ነው። እሺ ብላት ነገ ቁጥሬ እጄ ላይ ነው። አያስፈልግም አልኳት። ታክሲ ውስጥ ስገባ ቆጨኝ። ወርጄ ልመለስ ሁሉ አሰብኩ። አልተመለስኩም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9፣ 5 ሰዓት

ወሰንኩ። ለሲሙ አይደለም ብያታለሁ፤ አይደለም ሆኖ ይቅር። ኦሎምፒያ ወርጄ ከአዲሱ ኩባንያ አዲስ ቁጥር አወጣሁ፣ በራሴ ስም፣ በራሴ መታወቂያ። የድሮው ቀረ። ደንበኛ ይጠፋል፣ አውቃለሁ፤ የጥር ሙሽሮችን ከእናቶቻቸው ቤት ድረስ ሄጄ እፈልጋለሁ። አዲሱን ቁጥር በትልቅ ካርቶን ጽፌ ሱቄ በር ላይ ሰቀልኩ።

የመጀመሪያውን ጥሪ በር ላይ ወጥቼ ለሰናይት ደወልኩ። ቁጥሩን አታውቀውም።

“ማን ልበል?” አለች።

እኔ ነኝ አልኩ። ጻፊ አለችኝ፣ የእህቷን ልጅ ልክ። ወረቀት ብፈልግ አጣሁ፣ አንቺን ገለጥኩ። ደረት 88፣ ወገብ 70፣ እጅጌ እስከ ክንድ፣ ቁመት…