ዝናሽ የዘለለችው ማስታወቂያ

ነሐሴ 20፣ ጠዋት
ዛሬም የፊቱ ገጽ የእኔ፣ የኋላው የባልደረባዬ የዝናሽ። ለዓይነ ስውራን በሬዲዮ ጋዜጣ ስናነብ ሕጋችን አንድ ነው፤ የታተመው ሁሉ ይነበባል። የሚያይ ሰው መርጦ ይዘላል። ለማያየው እኛ አንመርጥለትም። ዕድሜዬን ጋዜጣ ቤት ጨርሻለሁ፤ በዚህ አልደራደርም።
እንደጨረስን ዓይነ ስውሩ አድማጫችን አያ ፈንቴ ከመንደራቸው ከቁሐር ሚካኤል ደወሉ። «አንተ የሩዝ ዋጋ ስታነብ ሩዙም ያንቀላፋል! ለዝናሽ ስጣት!» ሳቅን። እንደ ልማዳቸው፣ ራቅ ካለ ከተማ ስለሚያስተምረው ታናሽ ወንድማቸው አወሩልን። ይኮሩበታል።

ነሐሴ 22፣ ከስርጭት በኋላ
ተናድጃለሁ፣ ማስታወሻዬ። ዝናሽ አንድ የሐዘን ማስታወቂያ ዘለለች። ድምጿ እንኳ ሳይደናቀፍ ወደ ስፖርቱ አለፈች። ስንወጣ ተቆጣኋት። ጋዜጣውን አቀበለችኝ። ሟቹ የአያ ፈንቴ ወንድም ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው ያሳተሙት።
«ልጃቸው ሐሙሲት ገበያ ናት፣ ጋሼ። ቤት ውስጥ እሳቸውና ሬዲዮው ብቻ ናቸው። መርዶ ነግሬ ዘፈን ላስከትልባቸው?»
ጋዜጣውን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
ንዴቴ በርዷል። ሐሳቤ ግን አልረጋም። አያ ፈንቴ «ስለማላይ ደበቃችሁኝ» ቢሉስ? ዝናሽ ለልጃቸው ደውላለች። ሽማግሌዎች ንጋት ላይ ሊያረዷቸው ነው። እኛም እንሄዳለን።

ነሐሴ 23፣ ረፋድ
ወደ አያ ፈንቴ ቤት የሚወስደው ሜዳ ውሃ ነው። ጫማ በእጅ፣ ሱሪ እስከ ጉልበት። ዝናሽ ከፊት። አያ ፈንቴ የብዙ ሰው ኮቴ በንጋት ሲሰሙ ወዲያው ገባቸው። ልጃቸው አቀፈቻቸው፤ ጎረቤቱ ከበባቸው። አምርረው አለቀሱ።
ረጋ ሲሉ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ጠየቁ። ዝናሽ አልሸሸችም። ወጥቷል፣ ትናንት ብቻዎን ስለነበሩ ዘለልኩት አለቻቸው። ቁጣ ጠበቅሁ።
«ደግ አደረግሽ። አሁን ሰው አለኝ፤ አንብቢልኝ። አንድ ቃል እንዳታስቀሪ ታዲያ።»
አነበበች። ያስተማረባቸውን ቦታዎች፣ ያፈራቸውን ልጆች፣ ሁሉንም። ስሙ በተጠራ ቁጥር አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ስንቱን የሐዘን ማስታወቂያ አርሜ አሳትሜአለሁ፤ እንዲህ ሲነበብ ግን ሰምቼ አላውቅም።
ዝናሽን አደነቅኋት። እዚያው ነገርኳት፤ አፈረች።
ሕጉ አይሻርም፤ የታተመው ሁሉ ይነበባል። የአካባቢያችን ተወላጅ ስም ያለበት የሐዘን ማስታወቂያ ግን፣ ቤተሰቡ መርዶውን መስማቱ ሳይጣራ አየር ላይ አይወጣም። ለሬዲዮ ጣቢያው ኃላፊ አሁኑኑ እደውላለሁ።