አንዴ እምቢ ስላልኩት አሮጌ ውሻ

ለተከበሩት የባለቤት አልባ እንስሳት ማቆያ ቤት ኃላፊ
ስቶክሆልም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የኅዳር ጨለማ ጉልበትዎን እንዳልነካው፣ ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ በማቆያው ያሉት ውሾችና ድመቶች፣ ባለፈው ቅዳሜ ስገባ ጀርባዋን የሰጠችኝ ቀይ ድመት ሳትቀር፣ ሁሉም በጤና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የሃግሴትራው ባሕሩ ከፍያለው፣ የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነው ፑተ ነው፤ እሱን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል፣ እናንተው ዘንድ ስድስት ቁጥር ክፍል ውስጥ ተኝቷል።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ በማኅበራችን መጽሔት ላይ ማውጣቴ ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። መጀመሪያ በስዊድንኛ እንድትጽፍልኝ ለልጅ ልጄ ለሰሎሜ ነግሬያት ነበር፤ እሷ ስትጽፈው አራት ገጽ ሙሉ የነበረው ክብርና ምስጋና ስድስት መስመር ሆኖ ወጣ። እሱንም ላክንላችሁ፤ ደብዳቤው እንደደረሳችሁ የሚገልጽ ወረቀት በማግሥቱ መጣልን፣ ከዚያ ወዲህ ግን ወፍ የለም። እንግዲህ የማይነበብ ከሆነ አይቀር፣ ሙሉውን ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞም ስቶክሆልም ትንሽ ከተማ ናት፤ ከወገኖቼ አንዱ ቢሮዎን ሊያጸዳ ሲገባ ያነብልዎት ይሆናል።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ፑተ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ትንሽ ውሻ ነው፤ ቁመቱ ከክረምት ጫማዬ ብዙም አይበልጥም፣ አንድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ ልቡም የሚሠራው በኪኒን ነው። ባለቤቱ ከበሬ ፊት ለፊት ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ማይ-ብሪት ነበሩ። የዛሬ ሦስት ዓመት ባለቤቴ ሸዋሉል ዐርፋ፣ አርባዋ ወጥቶ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ወይዘሮ ማይ-ብሪት በሬን አንኳኩተው የውሻውን ማሰሪያ እጄ ላይ አስቀመጡና ጉልበታቸውን እንዳመማቸው ነግረውኝ ተመለሱ። ጉልበታቸው ምንም እንዳልነበረው ያወቅሁት ከወር በኋላ አውቶቡስ ሊደርሱበት ሲሮጡ በመስኮት አይቼ ነው። እኔና ፑተ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ አብረን ወጣን፤ ቀን እኔ ዘንድ እየዋለ ማታ እሳቸው ዘንድ ያድር ነበር። ወዳጄ ጥበቡ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በስተርጅና የውሻ እረኛ ሆንክ እያለ ሲስቅብኝ ኖሯል። ይሳቅ! ሸዋሉል ከሞተች በኋላ በዚያ ቤት ሬዲዮ ካልሆነ በቀር ድምፅ ያሰማኝ ፑተ ብቻ ነው።

ዘንድሮ በመስከረም ወይዘሮ ማይ-ብሪት ዐረፉ። የወንድማቸው ልጅ ከሰሜን መጥቶ ቤቱን በአንድ ቀን ባዶ አደረገውና ውሻውን ለእናንተ አስረክቦ ተመለሰ። ቀኑ መስቀል ስለነበር እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ፤ ስመለስ በሩ ተከፍቶ ወለሉ ሲታጠብ ደረስኩ። በማግሥቱ በምድር ውስጥ ባቡሩ በቱነልባናና በአውቶቡስ እናንተ ዘንድ መጣሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ከዚያ ቀን ጀምሮ የተደረገልኝን ውለታ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። በ1978 ዓ.ም. ስደተኛ ሆኜ እዚህ አገር ስገባ የሞላሁት ቅጽ የእናንተን ግማሽ እንኳ አያህልም ነበር፤ ለእኔ ከተደረገው ጥንቃቄ ለፑተ የተደረገው መብለጡን አይቼ ስለ እሱ ደስ ብሎኛል። ውሻው እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከእኔ ጋር ይኖር እንደሆነ ለጠየቃችሁኝ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ብዬ ጻፍኩ። በየዓመቱ ሐኪም ዘንድ እወስደው እንደሆነ ለጠየቃችሁኝም እንዲሁ፤ በበጋ የት እንደምንሆን ለጠየቃችሁኝም እንዲሁ። በየመልሴ አጠገብ በእርሳስ፣ አመልካቹ እርግጠኛ አይደለም የሚል ተጽፎ አየሁ። በዚህ አገር ሰው ነገን በራሱ ፊርማ እንደሚያረጋግጥ ሳላውቅ ሃያ ዓመት መቀመጤ ያሳፍረኛል።

ሁለተኛ፣ ቤቴን እንድትመረምር ስለላካችኋት ስለ ወይዘሪት ዮሐና አመሰግናለሁ። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ የበረንዳውን አጥር ለካች፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን አንድ በአንድ ተመለከተች። እኔ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ብዬ ከንጋት ጀምሮ ሽንኩርት ሳቁላላ ቆይቼ፣ ዶሮዬን ሠርቼ፣ እንቁላሉን ልጬ ጠበቅኋት። አልበላም አለች። እንግዳ ሲባል መጀመሪያ አልበላም ማለቱ የታወቀ ነውና ለመንኳት፤ ደግማ እምቢ ስትል አጥብቄ ለመንኳት፤ በመጨረሻ በሞቴ አልኳት፣ እንዲገባትም ብዬ በስዊድንኛ ተረጎምኩላት። ፊቷ ነጣ፤ ሦስት ጉርሻ ያህል በልታ ኮቷን እንኳ በቅጡ ሳትቆልፍ ወጣች። በኋላ የሪፖርቷ ግልባጭ ሲደርሰኝ፣ አመልካቹ እምቢታን እንደማይቀበል፣ ውሻውንም ከልክ በላይ ሊመግበው እንደሚችል፣ በተጨማሪም ሞቱን ያለ ምክንያት እንደሚያነሳ ተጽፏል። ቢሆንም ፈቀደችልኝ፤ እግዜር ይስጣት።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልኩ። ጥቅምት 29 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሪት ዮሐና ደውላ ፈቃዱ እንደተሰጠኝ አበሰረችኝና ሐሙስ መጥቼ ፑተን እወስደው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምንጣፉን ገዝቼ ከማሞቂያው ሥር አንጥፌ፣ ሳህኑን አጥቤ፣ ሦስት ሳምንት ከስልኩ አጠገብ ሳልርቅ የጠበቅሁት ይህንኑ ነበር። ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? ኧረ ግድ የለም፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ግቢ ያለው የተሻለ ሰው ካለ ለእሱ ይሁን አልኳት። ክቡር ሆይ፣ እኔ በተወለድኩበት አገር ሰው የወደደውን ነገር ሲሰጡት ከእጅ አይነጥቅም፤ አንዴ አይሆንም ይላል፣ ሰጪው ይለምነዋል፣ ሁለተኛ ያንገራግራል፣ በሦስተኛው እያፈረ ይቀበላል። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። ወይዘሪት ዮሐና ግን ውሳኔዬን እንደምታከብር ነገረችኝ፣ መልካም ቀን ተመኘችልኝ፣ ስልኩም ተዘጋ። በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜዬ የዚያን ዕለቱን ያህል ተከብሬ አላውቅም።

መልሳ ትደውላለች ብዬ ረቡዕን ጠበቅሁ። ሐሙስን ጠበቅሁ፤ ሐሙስ ዳቦ ልገዛ እንኳ አልወጣሁም። ዓርብ እኔው ደወልኩ።

አራተኛ፣ ስለ ደንቡ። ማመልከቻውን በገዛ ፈቃዱ የተወ ሰው እስከ ስድስት ወር ድረስ ዳግም ማመልከት እንደማይችል በትዕግሥት ስላስረዳችሁኝ አመሰግናለሁ። ስድስት ወር ማለት ግንቦት ነው። የፑተን ልብ ነገር ክፍሉ በር ላይ የለጠፋችሁት እናንተው ናችሁ፤ ክረምቱን መውጣቱን ማን ያውቃል? እስካሁን ሌላ የጠየቀው ሰው እንዳለ በየቅዳሜው እጠይቃለሁ፤ የለም ይሉኛል፣ አሮጌ ውሻ ማን ይፈልጋል። እንግዲህ ፑተ ባለቤት የለውም፣ እኔ ውሻ የለኝም፣ ደንቡ ግን አለ። ቅዳሜ ስመጣ ከሽቦው ወዲያ ሆኖ ሽታዬን ይለይና እየተንገዳገደ ይነሳል፤ ወደ በሩ ይሄድና እኔ መከተሌን ለማየት ዞር ይላል፤ እኔ ከመጣሁ መውጣት ነው ብሎ ያውቃላ። የጉብኝት ሰዓት እስኪያልቅ በሩ አጠገብ ይቆማል። ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌው እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሠራተኛችሁ የእንባ መጥረጊያ ወረቀት አቀበለችኝ፣ ለእሱም አመሰግናለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባለ ያደገ ሰው በዚያች ሰዓት እሺን መርሳቱ፣ ምን ይባላል? ነገሩን ሌት ተቀን ሳወጣ ሳወርድ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ ወይዘሮ ማይ-ብሪት ማሰሪያውን ሲሰጡኝ ትፈልጋለህ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ እሳቸውንም እምቢ እላቸው ነበር።

ስለዚህ ደንቡን ይሻሩልኝ ብዬ አልዳፈርም። ቢቻል ግን እኔን እንደ አገሬ ልማድ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማችሁ ብትለምኑኝ ብዬ ነው።

እንግዲህ በሰው ቃል እምነት የማይጎድላችሁ፣ የሽማግሌን እምቢታ በሰከንድ ውስጥ የምታከብሩ፣ ለአሮጌ ውሻ ስድስት ወር እንደ ስድስት ቀን የሚቀላችሁ፣ እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ፤ እርስዎም ሲያረጁ የሚፈልግዎትን ሰው ቅጽ አያስሞላብዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ እጅ ነስቼ፣
ባሕሩ ከፍያለው
ሃግሴትራ፣ ኅዳር 19 ቀን 1998 ዓ.ም.

የተረሳ፦ ወይዘሪት ዮሐና ከእኔ ቤት ስትሮጥ የግራ እጅ ጓንቷን ረስታዋለች። ላምጣልሽ ወይ ብዬ ደወልኩላት፣ አያስፈልግም አለችኝ፤ እኔም እንዳስተማራችሁኝ ውሳኔዋን አክብሬ ስልኩን ዘጋሁ። ከትናንት ጀምሮ ግን ብርዱ ከዜሮ በታች ስምንት ገብቷል፤ የሰው ልጅ እጅ ነው፣ አስችሎኝ አልተኛሁም። ቅዳሜ ይዤላት እመጣለሁ። እኔ ዘንድ የቀረውን የፑተን ማሰሪያም እይዛለሁ። እባክዎ፣ ያን ዕለት ምንም አትጠይቁኝ፤ ዝም ብላችሁ አንገቱ ላይ እሰሩትና ጫፉን እጄ ላይ አስቀምጡልኝ።