የቢምረው ድምፅ ከጫጫታው ሥር

ውድ እማማ ሐረጊቱ፣

ስልክ ልደውል እያልኩ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ጻፍኩልዎ። ከወደብ ሥራዬ ስመለስ እዚህ አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ ሰፈር ሸክላ ማጫወቻ የምጠግነው ወንዳለ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ወንድምዎ ቢምረው የዘፈነበትን ሸክላ ይዘው መጡ። በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲመጡ ሌላው ዕቃ ሁሉ ቀርቶ እሱን ብቻ በነጠላ ሆድዎ ላይ አስረው እንዳመጡት ነገሩኝ። ቢምረው እዚያው ሞቶ ቀርቷል፤ ፎቶው እንኳ የለዎትም። ኖአም የሚባል ሸክላ ሰብሳቢ አጠገቤ ነበርና በእሱ ፊት አዋቂ መምሰል አማረኝ። መርፌውን ሳሳርፈው ሸክላው እንደሚቆላ ሽምብራ ተንጣጣ።

«አልቋል» አልኩዎ።

«ልጄ፣ ከሥር አለ እኮ። እኔ እሰማዋለሁ።»

«አንቱ የሚሰሙት ትዝታዎን ነው።»

ይህንኑ ለኖአም በዕብራይስጥ ነገርኩት፤ ሳቀ። አንቱም፣ «እንግዲያው እዚሁ ይቅር» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ልጅዎ ማዛልም አታውቅም። ሸክላዎን የመርፌ መሞከሪያ አደረግሁት። አንድ ቀን የማጫወቻው ክንድ ከእጄ አምልጦ ላዩ ላይ ተጎተተ፤ ግድም አልሰጠኝ።

ባለፈው ወር ጺፖራ የምትባል ደንበኛ የመርፌውን እንቅስቃሴ ወደ ድምፅ የሚለውጥ የድሮ ሞኖ ካርትሪጅ የተገጠመለት አሮጌ ማጫወቻ አመጣች። እንደ ልማዴ ሸክላዎን አስቀመጥኩበት። ጫጫታው ሸሸና የሰው ድምፅ መጣ። ቢምረው ከመዝፈኑ በፊት ጉሮሮውን ሲጠርግ ሳይቀር ይሰማል። መርፌውን አንስቼ እንደገና ከመጀመሪያው አሳረፍኩት።

ምክንያቱን ማወቅ ነበረብኝ፤ ሙያዬ ነው። በእንደዚያ ያለ የድሮ ሸክላ ላይ ዘፈኑ መርፌውን የሚያወዛውዘው ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። አቧራና ጭረት ግን ወደ ላይና ወደ ታችም ያዘልሉታል። የእኔ ስቴሪዮ ካርትሪጅ ያንን ዝላይ ሁሉ ድምፅ ያደርገዋል፤ የሞኖው አይሰማውም። ሸክላው አላለቀም ነበር። አንቱ እውነትዎን ነበር።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ መርፌው ይዘላል። ያ የእኔ ጭረት ነው፤ የትኛውም ካርትሪጅ አይመልሰውም።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ፊት የለኝም። ጺፖራ ማጫወቻውን አውሳኛለች፤ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ አንቱ ካሉበት ማዛል ቤት ከሸክላዎ ጋር ይዤው እመጣለሁ። ሊያዩኝ ካልፈለጉ እሷ በሩን ትክፈትልኝ፤ መርፌውን አሳርፌ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ።

በሥራው ያፈረው ልጅዎ፣
ወንዳለ
አሽዶድ