ከፈተናው ክፍል ስላልወጣችው እናቴ

ለተከበሩ የኮሌጁ የርቀት ትምህርት ዲን፤
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙ እላለሁ። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” እንዲሉ፣ እኔ ስለ እርስዎ ብጸልይ እንደማይሰምርልኝ ባውቅም፣ ጤንነትዎን ግን ከልቤ እመኛለሁ፤ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ደህና ዓይንና ደህና ልብ ያስፈልግዎታልና።

በስሜ ስለማያስታውሱኝ በማዕረጌ ልቅረብ። “በፈተና ሥርዓት ጥሰት ለአንድ ዓመት የታገደችው ተማሪ” እኔ ነኝ። በሰፈራችን ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ስሆን፣ “የእስያ ሥልጣኔዎች ታሪክ” የተባለው የበይነ መረብ ኮርስዎ ለዲግሪዬ የቀረኝ የመጨረሻው ነበር። ርዕሰ መምህራችን የታሪክ መምህርነቱን ቦታ ለእኔ ብለው ባዶ አቆይተውታል፤ ትምህርት እስኪከፈት ዲግሪዬን ካላመጣሁ ግን ለሌላ ሰው መስጠታቸው አይቀርም። እግዱ በጊዜ ከተነሳ እደርሳለሁ፤ ካልተነሳ ዕድሜዬን በሙሉ የሌላ መምህር ጠመኔ ሳቀብል እኖራለሁ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መመሪያዎ “በቁጥር ያልቀረበ አቤቱታ አይታይም” ይላልና። በቁጥር የቀረበውም እንደማይታይ የገባኝ ዘግይቼ ነው።

፩ኛ፦ ይሄኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። እናቴ ግማሽ ጎኗን ሕመም ከያዘው ወዲህ ከአልጋዋ አትነሳም፤ ቤታችንም አንድ ክፍል ነው። ስለዚህ አስተማሪያችን በስልኬ ላይ ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ ሲያስተምሩ፣ እርስዎ አንዲት ተማሪ መዝግበው ሁለት ያስተምሩ ነበር። እናቴ፣ ዘለዓለም እኖራለሁ ብሎ ሜርኩሪ የተባለውን መርዝ ይውጥ ነበር ስለሚባለው የቻይና ንጉሠ ነገሥት ስትሰማ “ምን አስቸኮለው!” ብላ አዘነችለት። የሕንዱን ንጉሥ ሻህ ጃሃንን የገዛ ልጁ እንዳሰረው የሰማች ቀን ደግሞ እኔን በጎሪጥ ስታየኝ አመሸች። ከሁሉ አብልጣ የወደደችው ግን የጥንቷን ሕንድ ንጉሥ አሾካን ነው። በጦርነት ድል አድርጎ ሲያበቃ ያለቀውን ሕዝብ አይቶ ተጸጸተ፣ ጸጸቱንም በድንጋይ ላይ አስቀረጸ ሲባል ሰምታ፣ “ሹም ሆኖ አጠፋሁ አለ? እሱስ የእናት ልጅ ነው” አለች። ከዚያ ወዲያ ማንም ንጉሥ ቢነሳ ለእናቴ መልሱ አሾካ ሆነ።

፪ኛ፦ ደንብዎ ፈተና የሚወሰደው በካሜራ ፊት መሆኑን፣ በክፍሉ ውስጥም ሁለተኛ ሰውም ሆነ ሁለተኛ ድምፅ መኖር እንደሌለበት ይደነግጋል። ከአልጋ የማትነሳ እናት ያላት ተማሪ ምን ታድርግ ብዬ አስቀድሜ በእርዳታ ገጹ ላይ ጠየቅሁ። በቻይናና በኮሪያ ነገሥታት ደጃፍ የተበደለ ሰው የሚመታው ከበሮ ይቆም እንደነበር፣ የሕንዱ ንጉሥ ጃሃንጊርም አቤት ባይ የሚጎትተው ቃጭል ያለበት የወርቅ ሰንሰለት አሠርቶ እንደነበር ያስተማረን የእርስዎ ኮሌጅ ነው። የእርስዎን ከበሮ ስመታው “ጥያቄዎ ለእኛ ውድ ነው” የሚል መልስ በቅጽበት ደረሰኝ። ውድ ዕቃ እንዳይሰበር ተፈርቶ መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ ማንም አልነካውም።

እንግዲህ ተፈተንኩ። እናቴ ትንፋሿን ውጣ ተኝታለች። እኔ ደግሞ ጥያቄ በለሆሳስ እያነበነብኩ የማንበብ ልማድ አለኝ። “ሚዛንን፣ መስፈሪያንና ጽሕፈትን በመላ ቻይና አንድ ያደረገው ማን ነው?” የሚለውን አነብንቤ፣ መልሱን ጽፌ ሳበቃ፣ ከአልጋው በኩል “አሾካ ነው ልጄ! አሾካ በይ!” የሚል ድምፅ መጣ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ፈተናውን የሚጠብቀው የእርስዎ ማሽን ግን ወዲያው አወቀ። ገጹ ቀልቶ ተዘጋ።

ክቡርነትዎ፣ አሾካ ቻይናን አልገዛም። እኔም የጻፍኩት ያንን ሜርኩሪ የሚውጠውን ቺን ሺ ሁዋንግን ነው፤ መልሴ አሁንም እጅዎ ላይ አለ። የተሳሳተ መልስ ተነግሯት፣ እሱንም ሳትቀበል፣ ኮርጀሻል ተብላ የተቀጣች ተማሪ ከእኔ በፊት መኖሯን በአራቱም የእስያ ማዕዘን ፈልጌ አጣሁ።

፫ኛ፦ በኮርሱ አጋማሽ፣ በጥንቷ ቻይና ወላጅን ማክበር የመንግሥት መሠረት እንደነበር፣ ሹም እንኳ አባቱ ሲሞት ሹመቱን ትቶ ለሐዘን ወደ ቤቱ ይገባ እንደነበር ተምረን፣ በዚሁ ላይ በጻፍኩት ድርሰት አመስግናችሁኛል። በኮርሱ መጨረሻ ደግሞ እናቴን ደጅ ባለማውጣቴ አባረራችሁኝ። የትኛውን ትምህርት ልያዝ?

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አትናገርም። ሐኪም አይቷታል፤ ምላሷ ደህና ነው። የመጨረሻ ቃሏ ለጎረቤታችን “ልጄን ያስባረርኳት እኔ ነኝ” ያለችው ነው። አሁን እኔ ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር የብርድ ልብሷን ጫፍ ስባ አፏ ላይ ታደርጋለች። ይህን ሳይ የሚሰማኝን በጨዋ ቃል ልጽፍልዎ ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም። ጠልቼዎታለሁ። ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ጠልቼዎታለሁ።

፬ኛ፦ ይግባኜን በቪዲዮ፣ ከቤትዎ ሆነው፣ እርስዎ ራስዎ ስላዩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንደሚያስታውሱት “በሽተኛ እናት ተሳስታ ብትናገር ልጇ ትባረር የሚለው የትኛው አንቀጽ ነው?” ብዬ ጠየቅሁ። እርስዎም ማሽንዎ “አጠራጣሪ የዓይን እንቅስቃሴ” ብሎ በሚመዘግበው ዓይነት ወደ ጎን ተመለከቱ። ይሄኔ ከወንበርዎ ጀርባ የሴት ድምፅ “ሰባት በላት፣ አንቀጽ ሰባት! ይግባኝ የለውም በላት!” አለ። ድምፁ የጸሐፊዎ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ጸሐፊ ዲኗን እንዲህ አታዝዝም። እርስዎም ቃል ሳይጨምሩ፣ ቃል ሳይቀንሱ፣ “አንቀጽ ሰባት ነው፤ ይግባኝ የለውም” አሉኝ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለዲንም ይሠራል! አንቀጽ ሰባትን ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ እርስዎም አንድ ቀን ቢያነቡት ይወዱታል። “ማንኛውም በካሜራ የሚካሄድ የኮሌጁ ጉባኤ ወይም ፈተና ሁለተኛ ድምፅ ከተሰማበት ውድቅ ይሆናል፤ ጉባኤውን የመራው ወይም ፈተናውን የወሰደውም ለአንድ ዓመት ይታገዳል” ይላል። ተማሪ ብቻ አላለም። ማንኛውም ነው ያለው። በእኔና በእርስዎ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፦ የእናቴ መልስ ስህተት ነበር፣ እኔም አልተጠቀምኩበትም፤ ለእርስዎ የተነገረዎት ግን ትክክል ነበር፣ እርስዎም ተጠቀሙበት። በእኛ ትምህርት ቤት ኩረጃ የምንለው ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ እሾህን በእሾህ እንዲሉ፣ በስልኬ የቀዳሁትን የይግባኙን ቪዲዮ ከአንቀጽ ሰባት ጋር አያይዤ ለኮሌጁ ቦርድ ልኬአለሁ። የጠየቅሁትም ምሕረት አይደለም፤ ያ ጉባኤ ውድቅ ተደርጎ እግዴ እንዲነሳና በእኔ ላይ የዋለው ደንብ አንዲት ፊደል ሳትጎድል በእርስዎ ላይ እንዲውል ነው። የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ ደግሞ አብረውኝ የሚማሩት በኮርሱ የሳምንት መወያያ ገጽ ላይ ለጥፈውልኛል። በእርስዎ ትእዛዝ እያንዳንዱ ተማሪ እዚያ በወጣ ጽሑፍ ላይ ሁለት ሁለት አስተያየት የመስጠት ግዴታ አለበት። ተማሪዎችዎ ደንብ አክባሪዎች መሆናቸውን ስገልጽልዎ ደስታ ይሰማኛል፤ አንዳንዶቹ ሦስተኛም ጽፈዋል።

ከወንበርዎ እስኪነሱ ድረስ በየዕለቱ እጅ መንሳቴን የማላቋርጥ፣ ከተነሱም በኋላ በር ድረስ ለመሸኘት የተዘጋጀሁ፣
ታዛዥ ተማሪዎ።

ማስታወሻ፦ የይግባኙን ቅጂ ለእናቴም አሰማኋት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ የብርድ ልብሱን ከአፏ ላይ አውርዳ፣ ዝም ካለች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። መልእክቷ ለባለቤትዎ ስለሆነ እንዳለችው አደርሳለሁ፦ “እኔስ መነሳት አቅቶኝ ነው፤ እሷ እግር እያላት ለምን አልወጣችም?”