የዶክተር ሸዋረጋ አበጀን ዕረፍትና በቀብራቸው ላይ የቆመውን ሥዕል በተመለከተ

የፕሮቲን ቅርጽ አጥኚዎች ማኅበር መሥራች አባሉንና የሥልጠና ክፍል ኃላፊውን ዶክተር ሸዋረጋ አበጀን በሞት ማጣቱን ለአባላቱ፣ ለሙያ አጋሮቹና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። በቁጣም ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ዶክተር ሸዋረጋ ራቤል ከተማ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግሥቱ በትውልድ ከተማቸው ተፈጽሟል።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ሆነው አገልግለዋል።

በ2011 ዓ.ም. የሦስተኛ ዲግሪያቸውን አጠናቀው በአንድ የምርምር ተቋም የበግ ጉበት ትልን ፕሮቲን ማጥናት ጀመሩ። ሥራቸው በፕሮቲን ክሪስታል ላይ ኤክስሬይ በማሳረፍ የኤሌክትሮን እፍጋት ካርታ ማውጣት ነበር። ካርታው በኮምፒውተር ላይ እንደ ሰማያዊ መረብ ይታያል፤ መረቡ የከበበው ቦታ አቶም አለበት ይባላል።

በ2014 ዓ.ም. ተቋሙ የትሉን ፕሮቲን የሚይዝ መድኃኒት አገኘሁ አለ። ማስረጃው መድኃኒቱን ጥብቅ አድርጎ የከበበ የሚያምር መረብ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ውሸት ነበር። የማሳያው ልክ፣ ማለትም መረቡ እንዲታይ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው የእፍጋት መጠን፣ እጅግ ዝቅ ተደርጓል፤ ልኩ እንዲያ ሲወርድ ባዶው ቦታ ሁሉ በዝባዝንኬ መረብ ይሞላል። ከዚያ በመድኃኒቱ ዙሪያ ካለው በስተቀር ዝባዝንኬው ሁሉ ተቆርጦ ተጣለ። የቀረው መድኃኒት መሰለ። ዶክተር ሸዋረጋ በስብሰባ ላይ «የቆረጣችሁትን መልሱትና መድኃኒቱ ከሌላው በምን እንደሚለይ አሳዩኝ» አሉ። የተቋሙ ኃላፊዎች ግን ያለ እሳቸው ፈቃድ ስማቸውን በሥዕሉ ሥር አሰፈሩት፤ ይነሣልኝ ብለው ቢጮኹ ከሥራ አሰናበቷቸው። መድኃኒቱ በበጎች ላይ ተሞክሮ አንዱንም አላዳነም። ሥዕሉ ግን ዛሬም በተቋሙ መግቢያ ተሰቅሏል።

በ2015 ዓ.ም. ወደ ዓለም ከተማ ተመልሰው እያስተማሩ፣ አባሎቻችን የሚሠሩበትን መመሪያ አዘጋጁልን። የማሳያው ልክ ከሥዕሉ ሥር ይጻፋል፤ ዙሪያው ሳይቆረጥ ይታያል፤ መድኃኒቱ ሳይጨመርበት የወጣው ካርታም አብሮ ይቀርባል። ከባድ ነገር አልጠየቁም።

በቀብራቸው ዕለት የተቋሙ ተወካዮች ትልቅ ባነር ይዘው መጡ። ከፎቶግራፋቸው ሥር ያንኑ ሥዕል አትመው «የዶክተር ሸዋረጋ አሻራ» ብለው ጽፈውበታል። እህታቸው መምህርት አመተሥላሴ አበጀ «በዚህ ሥዕል ሰበብ እንጀራዋን አሳጥታችኋት፣ አሁን ደግሞ በሬሳዋ ላይ ታመጡታላችሁ? በሉ አውርዱልኝ!» ሲሉ፣ የተወካዮቹ መሪ «ስለሚያምር ነው የመረጥነው፣ እትዬ» ብለው መለሱ። ባነሩ አልወረደም። አፈር እስኪለብሱ ድረስ እዚያው ቆሞ ነበር።

ማኅበራችን ይህን ድፍረት በዝምታ አያልፈውም። በአርባቸው ዕለት ራቤል ላይ የምንሰቅለው እሳቸው ራሳቸው በትክክለኛው ልክ ያወጡትን፣ ምንም ያልተቆረጠበትን ካርታ ነው። መድኃኒቱ ተቀምጦበታል የተባለው ቦታ ባዶ ነው፤ ባዶነቱን ሰው ሁሉ ይየው።

ለእናታቸው ለወይዘሮ ጌታነሽ፣ ለእህታቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። ተቋሙም አብሬያችሁ አዝናለሁ ሲል ደብዳቤ ልኮልናል። መጀመሪያ ስማቸውን ከሥዕሉ ላይ ያንሣ፤ ከዚያ መጥቶ ያልቅስ።