ንቦቼ ፊቴን ያውቁታል?

ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ጧት 1 ሰ.

ውሃዬን ቀድቼ ገባሁ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። እንጨት እፈልጣለሁ፣ ሽሮዬን እሠራለሁ፣ ልብሴን አጥባለሁ፣ ንቦቼን ያለ ረዳት እጠብቃለሁ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ አስቸግሮኛል፤ እሱንም ፀሐይ ከወጣች እችላለሁ። ይኸን ያዝልኝ፣ ደብተሬ። ምስክር ያስፈልገኛል።

ልጄ ብርቱካን ከሞጣ ደወለች። የሚመጣው ቅዳሜ እዚህ ናት። ልትጠይቀኝ አይደለም፣ ልትመረምረኝ ነው። ደከም ብዬ ካገኘችኝ ቤቱን ቆልፋ ይዛኝ ትሄዳለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ነገሯ ሁሉ ይኸው ነው፤ ብቻዎን ነዎት፣ ብቻዎን ነዎት። ከቢቸና ንቅንቅ አልልም አልኋት። የኔው ልጅ አይደለች? አልሰማችም።

ጥቅ. 5፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ተከራዬ ሃያት በስልኳ የዓለሙን ጉድ ታነብልኛለች። የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ የደሴ ልጅ። ኔትወርኩ በረንዳው ጫፍ ላይ ብቻ ስለሚገኝ ወንበሮቻችንን እዚያ ተክለናል።

ባሕር ውስጥ ስምንት እጅ ያለው ፍጡር አለ አለች። ልቡ ሦስት። ሦስት! የኔ አንዷም ከብርቱካን ጋር ስትከራከር ትደክማለች። ደግሞ አንድ ወፍ አለ፣ ወራት ሙሉ መሬት ሳይነካ የሚኖር። እዚያው አየር ላይ ይበላል፣ እዚያው ያሸልባል። እንግዲያ የቤት ኪራይ የለበትም አልኋት። ሳቀች።

ከዚያ የዛሬው ዋናው መጣ። ንብ የሰው ፊት ለይታ ታውቃለች! አጥንተው ደርሰውበታል። ብድግ አልሁ።

«አባባ፣ ይቆዩ እንጂ፣ አልጨረስሁም» አለችኝ።

ምኑን እቆያለሁ? ንቦቼ የሚያውቁት ይኸን ፊት ነው። ይኸ ፊት ሞጣ ከሄደ ይኮበልላሉ። በቃ፣ ክርክሩን አሸነፍሁ።

ጥቅ. 6፣ ሰኞ

ለጥሩነህ ጠላ ቤት፣ ሰው መሃል ነገርሁት። ጎረቤቴ ነው፣ አብሮ አደጌ። ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ያልሁትን ሁሉ አይደለም የሚል ሰው።

«ንቧ ፊትህን አውቃ ምን ልትሠራበት?» አለ። «እኔ እንኳ ዕድሜ ልኬን ሳየው አልለመድሁትም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ተወራረድን። ዓርብ ዕለት ሁለታችንም ከቀፎው ፊት እንቆማለን። ጢስ የለ፣ መሸፈኛ የለ። ባለቤቱን ይተዋሉ፣ እሱን ልክ ያስገቡታል። ቅዳሜ ብርቱካን ስትመጣ ያበጠ ጆሮውን ይዤ አሳያታለሁ።

ጥቅ. 10፣ ዓርብ፣ ረፋድ

ትናንት ያሰብሁት ነገር። ጢሜ ፊቴን ሸፍኖታል። ፊት ካልታየ በምን ይለዩኛል? አሁን ፀጉር ቤት ሄጄ ሙልጭ ብዬ ተላጭቼ መጣሁ። ሰውየው ሲጨርስ ከጠርሙስ የሆነ ነገር መዳፉ ላይ አፍስሶ ጉንጬን በጥፊ በጥፊ አደረገኝ። ሙሽራ ሙሽራ እሸታለሁ። ስልሳ ዓመት ብባል ማን ይከራከረኛል? ጥሩነህ ውጭ እየጠራኝ ነው።

ያው ቀን፣ 9 ሰ.

በአንድ ዓይኔ ነው የምጽፍ።

ጎን ለጎን ቆምን። መጡ። ጥሩነህን ዞረው ዞረው አዩት፤ ተዉት። አንዲቱ ጆሮው ላይ እንደ ዘመድ አረፈችና ሄደች። ከዚያ ሁሉም በኔ! ግንባር፣ ከንፈር፣ የዓይን ሽፋን። ሮጥሁ። (ይኸንም ያዝልኝ፤ በሰባ ስምንት ዓመቴ አጥር ዘልያለሁ።) ጥሩነህ በሳቅ ወገቡን ይዞ «አወቁህ! አወቁህ!» ይላል።

ሃያት መንደፊያዎቹን በጥፍሯ እየጫረች አወጣችልኝ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ አደረገችልኝ። እሑድ ሳትጨርስ ጥያት የሄድሁትንም አነበበችው። ንቦቹ ፊት የለዩት በስኳር ውሃ አስለምደዋቸው ኖሯል፤ ያውም የሰው ፊት ፎቶ። ከዚያ ጠጋ ብላ አሸተተችኝ።

«አባባ፣ ሽቶ ተቀብተው ነው እንዴ ንብ ፊት የቆሙት?»

ንብ ሽቶ እንደማትወድ ለአገሩ ሁሉ የማስተምር እኔ! ቀፎ የምነካ ቀን ሳሙና የማልነካ እኔ!

ነገ ቅዳሜ ነው። ጉድ ፈላ።

ጥቅ. 11፣ ቅዳሜ፣ ማምሻ

ብርቱካን ረፋድ ላይ ገባች። ጋቢዬን ተከናንቤ ጀርባዬን ሰጠኋት። ብርድ ነው አልሁ። ገለጠችው።

«አባዬ! ማነው እንዲህ ያደረገዎት?»

ነገርኋት። አልሳቀችም። ሻንጣ አውጥታ ልብሴን መክተት ጀመረች። አጥር መዝለሌን እንደ ማስረጃ አቀረብሁ፤ ጭራሽ ባሰባት። ፈራሁ፣ ደብተሬ። ከልቤ ፈራሁ።

ሰው መምጣት ጀመረ። ጥሩነህ ለቢቸና ሁሉ አውርቶ ኖሯል። ወ/ሮ ስንዱ ከማዶ እርጎ ይዛ መጣች፤ ፊቴን አይታ እርጎውን ልትደፋው ነበር በሳቅ። የማኅበሬ ሰዎች መጡ። ገብተው ይስቃሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አይነሡም። ጥሩነህ ሩጫዬን እየተነሣ ያሳያል፤ በየጊዜው አጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ አልተቃወምሁም። ብርቱካን ሻንጣዋን ትታ ሻይ ታፈላለች፣ ወንበር ትዋሳለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች።

ጥሩነህ ሻንጣውን አየ። የማን ነው አለ። ነገረችው። ሳቁ ጠፋ።

«እሱን ወስደሽ፣ እኔ ከማን ጋር ልጣላ?»

እሷ ወደ ብርጭቆዎቿ ዞረች።

ሰው ከወጣ በኋላ ተናገረች። እሷ ሱቅ ትውላለች፣ ልጆቹ ት/ቤት። ሞጣ ከማን ጋር እንደምውል አስባው አታውቅም። ተነሥታ ልብሴን አንድ በአንድ መልሳ ሰቀለችው። ያን ጊዜ ሳቋ መጣ። እንባዋ እስኪወርድ።

ጥቅ. 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

በጧቱ መኪና ሄደች። ዓይኔ በግማሽ ተከፍቷል። የጠየቀኝን ሰው ሁሉ ብድር እመልሳለሁ። በሰው እጅ አልክም፣ ራሴ ነኝ።

ወ/ሮ ስንዱ፤ የእርጎ ዕቃዋን ማድረስ፣ ባዶውን አይደለም።

ሃያት፤ ማር ስቆርጥ የመጀመሪያው የማር እንጀራ የሷ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ እስክትጨርስ መስማት።

ፀጉር አስተካካዩ፤ አንድ ስድብ።

ጥሩነህ፤ የጤፍ አጨዳው። ማጨዱ ቢያቅተኝ ነዶ አስራለሁ። የለም፣ አጭዳለሁ። ከሱ ቀድሜ።

ብርቱካን፤ ሞጣ ሄጄ ማደር። ሰው ልላክልዎ አለች፣ እንዳታደርጊው አልሁ። ትኬቴን ራሴ እቆርጣለሁ፣ ከሹፌሩ ኋላ በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ፣ ማሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ።