የወይራዋ ክፍል

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽ፣ ባለቤትሽ፣ ያ የምታማርሪበት ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኛ ቅዱስ ላሊበላ ይመስገን፣ አለን። ብርዱ ዘንድሮ በርትቷል፤ ገብሱ ግን በደህና ገብቷል፣ ልጆቼም አድገው ልብሳቸው አጥሯል። ደህና ነን ስልሽ እማዬን ጨምሬ አይደለም። ስለ እሷ ወደ ታች እነግርሻለሁና ዘለሽ አታንብቢ።

በስልክ ያልነገርኩሽ አፌን ስለማታስከፍቺኝ ነው። ገና ሐዋሳ የሚለውን ቃል ስትሰሚ እልል ትያለሽ፣ የምታበይኝን የዓሣ ዓይነት ትዘረዝሪያለሽ፣ ካርዱም ያልቃል። ደብዳቤ ግን አያቋርጡትም። አብራኝ ክፍል የምታጸዳው ውባንቺ ወንድሟ ሾፌር ነው፤ ወደዚያ ስለሚወርድ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

በሆቴላችን ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ መሸለሜን ሰምተሻል። ሽልማቱ ከባለቤቱ ሆቴሎች በመረጥኩት ለሁለት ሰው ሦስት አዳር ከነምግቡ ነው፤ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ቢሾፍቱ፣ አለዚያም እዚሁ። እዚሁ የሚለውን ያየ ሁሉ ስቋል። አልጋ ሲያነጥፍ የኖረበትን ቤት ለእረፍት የሚመርጥ ሞኝ ማን አለ?

ሞኟ እኔ ነኝ። እዚሁ መርጬ ፈርሜያለሁ፤ ስለዚህ ለመለመን ስልክ አታንሺ።

እስከዚያ ድረስ ቤታችን ሸንጎ ሆኖ ነበር የከረመው። ባለቤቴ አዳም ባሕር ዳር ሄደን ገዳማቱን በጀልባ እንሳለም፣ ጽድቅም ሽርሽርም ነው ብሎ ተከራከረ። ውኃ ሲያይ ግን ራሱን ያዞረዋል። ውባንቺ ደግሞ ቢሾፍቱ ብትሄጂ ወገብሽን ያሹልሻል አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የኔ ልብ ሐዋሳ ነበር። ሐይቁ ዳር ካንቺ ጋር ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ማንም ፎጣ አምጪ ሳይለኝ መዋል አምሮኝ ነበር። አሁንም ያምረኛል።

ግን ነገሩ ከቦታው ይጀምራል። ሆቴሉ በእኛ ግቢ ላይ መሠራቱን አዲሶቹ ሠራተኞች አያውቁም፤ ከድሮው የቀረችው ወይራዋ ብቻ ናት። አባባ ታሞ ቦታው ሲሸጥ አንቺ ወልድያ ትማሪ ነበርና፣ ልጅቱ በፈተና ሰሞን አትረበሽ ተብሎ ሳይነገርሽ ቀረ። ለእረፍት ስትመጪ በሩ በቆርቆሮ ታጥሮ ጠበቀሽ። እኛ ከላይ ሰፈር ተከራይተን ነበር፤ ፈልገሽ እስክታገኚን አልጠበቅሽም፣ በመጣሽበት መኪና ተመለስሽ። ከዚያ ወዲህ ላሊበላን አልረገጥሽም፣ እማዬንም የምታዪያት እሷ አንቺ ዘንድ ስትወርድ ነው። አልወቅስሽም። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም ይከፋኝ ነበር።

አሁን ወደ ገና ዋዜማ ልምጣ። ጊዜው ረገብ ካለ ወዲህ እንግዳ መምጣት ጀምሯል፤ ያን ዕለትም ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ከሚኒባስ ሲወርዱ እኔ ቁልፍ ይዤ በረንዳው ላይ ቆሜያለሁ። ዞር ስል እማዬ ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዛ ግቢው መሃል ተንበርክካለች። በልጅነታችን በእግሩ ለሚመጣው የገና እንግዳ ሁሉ እንደምታደርገው ማለቴ ነው፤ እኛን መሬት አስተኝታ አልጋችንን ለመንገደኛ የምትሰጥበትን ዘመን አትረሺውም። አንዲቷን ወጣት፣ ጫማሽን አውልቂ እስቲ የኔ ዓለም፣ መንገድ ጎድቶሻል አለቻት። ልጅቷ ግራ ቢገባትም አወለቀች። እማዬ እግሯን ገለባብጣ አየችና፣ ምነው ልጄ፣ እሾህም አልነካሽ፣ በየት በኩል ነው የመጣሽው? ብላ ጠየቀቻት። በአውሮፕላን አለቻት። እማዬም፣ ይሁን፣ እሱም መንገድ ነው፣ ብላ ማጠቧን ቀጠለች።

እዚያ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ልጅቷ ብር ስታወጣ ግን እማዬ ተቆጣች፤ እኔ ያጠብኩት ለበረከት ነው ብላ ብሩን መለሰችላት፣ ሰው ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ በእውቀቱ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ደንግጦ ነው፤ የማን እናት ናቸው ብሎ ጮኸ። የኔ ናት አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ያልሆነ ሰው በዚህ በር እንዳይገባ ብሎ ዘበኛውን አዘዘ።

እማዬ ግን መች ትቀራለች! በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ምርኩዟን ይዛ ትወርዳለች፤ ዘበኛው አያ ገብረመስቀልም ከበሩ ውጭ የሚቀመጡባትን ዱካ ይለቁላታል። እኔ ቤቱ ናፍቋት ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን አያ ገብረመስቀል ወደ ጥግ ጠሩኝና፣ ልጄ፣ ቤቱን አይደለም የሚፈልጉት አሉኝ። እዚህ ብርድ ላይ ምን ያስቀምጥዎታል ብለው ቢጠይቋት፣ ትንሿ ልጄ ከወልድያ ከትምህርቷ ትመጣለች፤ ቤቱን አጥታ እንዳትመለስብኝ ነው፣ አለቻቸው።

ይኸውልሽ። ያን ዕለት ማታውን ፈረምኩ።

ወይራዋ ፊት ያለውን ክፍል ይዣለሁ፤ የእማዬ መደብ የነበረው እዚያ ነው። ለአስተርዮ ማርያም ማግስት ነው የተያዘው። በእውቀቱ ወረቀቱን አይቶ አቀረቀረ፤ እንግዳ ያልሆነ ሰው አይግባ ያልከው አንተ ነህ፣ እነሆ እንግዳ አልኩት። ውባንቺ አንሶላውን እኔ አነጥፈዋለሁ፣ እጥፋቱ ቢጣመም እንዳትቆጪኝ ብላለች። አዳም አሁንም ያጉረመርማል፣ ይለፍለት።

የሁለቱም ሰው ስም ተሞልቷል። አንደኛው የእማዬ ነው። ሁለተኛው የኔ እንዳይመስልሽ። እኔ ያን ሰሞን የሥራ ተራዬ ነው፤ ቁርሳችሁን አመጣላችኋለሁ፣ ጉርሻ ካልሰጣችሁኝ ደግሞ ወዮላችሁ።

ሐኪሙ ስለ እማዬ ያለኝን በደብዳቤ አልጽፈውም። ሐዋሳ ግን ሐይቋን ይዛ የትም አትሄድም፣ ሌላ ዓመት እደርስበታለሁ። ስለዚህ ሰበብ አታብዢ፤ ልጆቹን ለአባታቸው ትተሽ ነዪ። ስትደርሺ ወደ እኔ ቤት እንዳትወጪ። ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት፣ ቦርሳሽን ይዘሽ በቀጥታ ወደዚያ በር ነዪ። ፊትሽን ባታውቀው አትዘኚ፤ እኔንም አንዳንድ ቀን በእናቷ ስም ነው የምትጠራኝ። አብሽሪ፣ አንቺ ብቻ፣ እማዬ መጣሁ በያት።

ማርያም ልጆችሽን ታሳድግልሽ፣ ቅዱስ ላሊበላ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ከልቧ የምትወድሽ
ታላቅ እህትሽ

ረስቼው፦ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጊ።